የቤተሰብን በሽታ ከዘር ሐረግ ላይ የማንበብ መመሪያ

በብዙው የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ለመዳር የተነሣ ቤተሰብ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ሽማግሌዎቹ በሙሽራውም በሙሽራይቱም ወገን አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ ምንጅላቱን እየጠሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሐረጉ አንድ ቦታ ላይ ከተገናኘ ጋብቻው ይቀራል። ወደ እስራኤል የሄዱት የቤተ እስራኤል አባቶችም ይህንኑ ሥርዓት ይዘው ሄደዋል። በዚህ ሁሉ ቆጠራ ግን የሚጠየቀው ዝምድና ብቻ ነው። ማን በምን ሕመም እንደ ሞተ፣ የትኛው ሕፃን በስንት ወሩ እንደ ቀረ፣ የማን ልጅ መስማት ሳይችል እንደ ተወለደ አይመዘገብም፤ ቢነሣም «ያ ቤት ዘሩ ነው» ተብሎ በሹክሹክታ ይነገራል እንጂ ሐኪም ዘንድ አይደርስም። ይህ ጽሑፍ ያንኑ የለመድነውን ቆጠራ ወስዶ ከየስሙ ጎን ሕመሙን መጻፍ፣ ሕመሙ በየት በኩል እንደ መጣ ማንበብና ከዚያም ወደ ተገቢው ምርመራ መሄድ እንዴት እንደሚቻል ያሳያል።

ሥራውን ለመጀመር የተሻለው ጊዜ ከጋብቻ በፊት ነው። ያ ካለፈ ከእርግዝና በፊት፣ እርሱም ካለፈ ልጅ ከመገረዙ ወይም አንድ የቤተሰብ አባል ቀዶ ሕክምና ከማድረጉ በፊት ቢሆን ይጠቅማል። በቤቱ ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይጀመር፤ መረጃውን በአእምሯቸው የያዙት አያቶችና አክስቶች ሁልጊዜ አይኖሩምና።

ምን እንደሚተላለፍ

በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች ይገኛሉ፤ ግማሾቹ ከእናት፣ ግማሾቹ ከአባት የመጡ በመሆናቸው 23 ጥንድ ተብለው ይቆጠራሉ። ሰውነት የሚሠራበትን መረጃ የያዙት ዘረመሎች በእነዚህ ክሮሞዞሞች ላይ በተርታ ስለሚገኙ የአብዛኛው ዘረመል ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱ የእናት፣ ሌላው የአባት። ወላጅ ለልጁ የሚያወርሰው ከሁለቱ ቅጂዎቹ አንዱን ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሚደርሰው የሚወስን ፈቃድም ኃጢአትም የለም። 23ኛው ጥንድ ጾታን የሚወስነው ነው። ሴት ሁለት ኤክስ፣ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። ዋዩ የሚመጣው ከአባት በመሆኑ ወንድ ልጅ ኤክሱን ከእናቱ ይወስዳል። ይህን ነጥብ በሚገባ የያዘ ሰው ኋላ ላይ ሐረጉን ሲያነብ ብዙ አይቸገርም።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበትን አንድ ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። ሐኪም «የምትወልዱት ልጅ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው» ሲል፣ አንዱ ልጅ ከታመመ የሚቀጥሉት ሦስቱ ይድናሉ ማለቱ አይደለም። ሳንቲም ሲወረወር ቀድሞ ዘውድ መውጣቱ ቀጥሎ ጎፈር እንዲወጣ እንደማያስገድደው ሁሉ፣ አዲሱ እርግዝና የቀደመውን አይቆጥርም፤ ዕድሉ ለመጀመሪያውም ለአምስተኛውም ልጅ ያው 25 በመቶ ነው። ይህን ባለማወቅ «አንዴ ደርሶብናል፣ ከእንግዲህ አይደግመንም» ብለው የወለዱ ወላጆች ሁለተኛው ሐዘን ከመጀመሪያው ይበልጥ ይሰብራቸዋል።

ሐረጉን በወረቀት ላይ ማስፈር

ሰፊ ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ ይበቃል፤ ብዙ ነገር ስለሚታረም እስክሪብቶ አይመከርም። ሐኪሞች በየትም አገር የሚግባቡባቸው ምልክቶች ቀላል ናቸው። ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ይሣላሉ፤ የታመመው ሰው ምልክት ውስጡ ይጠቆራል፤ በሞተው ላይ ሰያፍ መስመር ይሰመርበታል። ባልና ሚስት በአግድም መስመር ይያያዛሉ፤ የተጋቡት ዘመዳሞች ከሆኑ መስመሩ ድርብ ይሆናል። ልጆች ከወላጆቻቸው ሥር ከግራ ወደ ቀኝ ከታላቅ እስከ ታናሽ ይደረደራሉ፤ ያልተወለደ፣ የወረደ ጽንስ በትንሽ ሦስት ማዕዘን ይታያል። ጥያቄውን ያስነሣው ሕመምተኛ ጎን ቀስት ይደረጋል፤ ሥራው የሚጀምረውም ከእርሱ ነው።

ከዚያ ሰው ተነሥተው ቢያንስ ሦስት ትውልድ ይሙሉ። ሰባት ቤት መቁጠር መቻል ትልቅ ሀብት ቢሆንም ለሕክምና ጉዳይ ከሰባተኛው አያት ይልቅ በጎን ያሉት የአክስትና የአጎት ልጆች ይበልጥ ይናገራሉ። የሽማግሌ ቆጠራ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ጎን አይሰፋም፤ ስለዚህ በየደረጃው ቆም እያሉ «የእርሷስ ልጆች?»፣ «ከእርሱ በታች የተወለደ አልነበረም?» ብሎ መጠየቅ የእርስዎ ድርሻ ይሆናል።

የእናት ወገን በተለይ እንዳይዘነጋ። ስማችን በአባትና በአያት ስለሚጠራ የእናት እናት ሐረግ በሁለት ትውልድ ውስጥ ከወረቀት ይጠፋል፤ በኤክስ ክሮሞዞም የሚመጡ በሽታዎች የሚታዩት ግን በዚያው ሐረግ ላይ ነው። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ በነበረበት ዘመን ሰው ሁለቱንም ወገን አጥንቶ ይይዝ ነበር፤ ዛሬም ያንን የሚያውቅ አረጋዊ በየገጠሩ አይጠፋምና ፈልገው ያነጋግሩ።

ዝምድናውን በትክክል መለየትም የግድ ነው። «ወንድሜ ነው» የተባለው ከአንድ አባትና እናት የተወለደ ይሁን፣ የእናት ልጅ ብቻ ይሁን፣ የአባት ልጅ ብቻ ይሁን፣ ወይም አብሮ ያደገ የአጎት ልጅ ይሁን ተጠይቆ ይጻፍ። የጡት ልጅና የጉዲፈቻ ልጅ በፍቅር ልጅ ናቸው፤ በዚህ ወረቀት ላይ ግን የሥጋ ትስስሩ ብቻ ስለሚፈለግ ምልክታቸው ይለይ። አንድ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስምና የቤት ስም ሊኖረው ስለሚችል ሦስቱንም አንድ ላይ ካልያዙ አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጥሩታል። ዕድሜ በማይታወቅበት ጊዜ ዘመኑን በታወቀ ነገር ያስሩት፤ «ጣልያን ሲገባ ጡት ይጠባ ነበር»፣ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ዓመት ሞተ» የሚለው አነጋገር ለሐኪም በቂ ነው። ዓመተ ምሕረቱ የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ ከጎኑ መጻፍ እንዳይረሳ፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት በሕፃናት በሽታ ላይ ትልቅ ነው።

እንዴት እንደሚጠየቅ

«በቤታችን የዘር በሽታ አለ?» ብለው ከጠየቁ መልሱ በአብዛኛው «የለም» ነው፤ ጥያቄው የቤቱን ክብር የሚነካ ይመስላልና። በአንድ ሰው ላይ ያተኮረ ትንሽ ጥያቄ ይሻላል። ውይይቱ ለምሳሌ ያህል እንዲህ ሊሄድ ይችላል።

«እማማ፣ ከጋሼ በታች የሞተ ወንድ ልጅ ነበር ሲባል እሰማለሁ።»
«ነበር እንጂ። ምን ያደርጋል፣ ዓይን በላው።»
«ዕድሜው ስንት ነበር?»
«ምን ዕድሜ አለው፣ ልጄ! በስምንተኛው ቀን ተገረዘ፣ ደሙ አልቆም ብሎ በሦስተኛው ቀን ሞተ።»
«የእማማ ወንድምስ እንዲህ የሆነ ነበር?»
«ታላቅ ወንድሜ ጉልበቱ ያለ ምክንያት ያብጥ ነበር። ጥርሱን ነቅሎ ነው የሞተው።»

እነዚህ አጫጭር መልሶች ለሐኪም ከብዙ ገጽ ጽሑፍ ይበልጣሉ። ልብ ይበሉ፤ ጠያቂው «ዓይን በላው» የሚለውን አልተከራከረም። ምች፣ ቡዳ፣ ልክፍት ወይም እርግማን ቢባል ያንን ትተው የታየውን ይጠይቁ፤ ደም ነበር? ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር? በስንት ዓመቱ ቆሞ ሄደ? ሲወለድ ጤነኛ ነበር ወይስ ከመጀመሪያው እንደዚህ ነበር? ከየስሙ ጎን የሚጻፈው የበሽታው ስም ሳይሆን የታየው ምልክትና የጀመረበት ዕድሜ ነው፤ ስሙን የሚሰጠው ሐኪሙ ነው።

ጥያቄው አንድ ለአንድ፣ ሰው በሌለበት ይሁን። አንዳንድ ቤት ውስጥ የልጁ አባት ሌላ እንደሆነ የምታውቀው አንዲት አክስት ብቻ ናት። እንዲህ ያለ ነገር ከተነገረዎ በወረቀቱ ላይ አይጻፉት፤ ለሐኪሙ ብቻ በቃል ይንገሩት።

የተሣለውን ማንበብ

ወረቀቱ ሲሞላ የጠቆሩት ምልክቶች በምን አኳኋን እንደ ተቀመጡ ይመልከቱ። ወደ ታች ትውልድ ሳይዘል የሚወርድ ከሆነ፣ ማለትም አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በተከታታይ ታመው ወንዱም ሴቷም እኩል ተነክተው ከሆነ፣ አንድ የተበላሸ ቅጂ ብቻውን የሚያሳምም በሽታ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዓይነቱ የታመመ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ዘረመሉ ያልደረሰው ልጅ ግን ለራሱም ለልጆቹም ነፃ ነው። ኩላሊት በውኃ ከረጢቶች ተሞልቶ ቀስ በቀስ የሚደክምበት በዘር የሚመጣው የኩላሊት በሽታ ዋና ምሳሌ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በጉልምስና ስለሆነ ሰውየው ልጆቹን ወልዶ ከጨረሰ በኋላ እጥበት ላይ ይደርሳል። በኢትዮጵያ በ2015 እ.ኤ.አ. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር ለጋሾቹ ዘመዶች ነበሩ፤ እንግዲህ ወንድሙን ለማዳን የሚነሣ ሰው ራሱም ያንኑ ዘረመል ይዞ እንዳይሆን አስቀድሞ መመርመሩ የሁለቱንም ሕይወት የሚመለከት ነው።

የጡት ካንሰርም በጥቂት ቤተሰቦች በዚሁ መንገድ ይወርዳል። አብዛኛው የጡት ካንሰር በውርስ የሚመጣ አይደለም፤ በውርስ የሚመጣው ከመቶ አምስት እስከ አሥር ያህሉ ነው። ነገር ግን በአንድ ሐረግ ላይ ከ50 ዓመት በታች የታመሙ ሴቶች ከበዙ፣ ሁለቱም ጡቶች ከተነኩ፣ የእንቁላል ዕጢ ካንሰር ከታየ ወይም ወንድ የጡት ካንሰር ከያዘው ሐኪም ሊያየው ይገባል። እዚህ ላይ የአባት ወገን በስሕተት ይዘለላል። አባት ራሱ ሳይታመም ዘረመሉን ከእናቱ ተቀብሎ ለሴት ልጁ ሊያወርስ ይችላልና የአባትን እኅቶች ሁሉ ይጠይቁ።

አንዳንድ ጊዜ ከላይ ማንም ሳይታመም ዘረመሉ በልጁ ላይ እንደ አዲስ ይለወጣል። እጅና እግር የሚያጥሩበት አኮንድሮፕላሲያ የተባለው የድንክነት ዓይነት በአብዛኛው የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ ወላጆቹ መካከለኛ ቁመት ያላቸው ናቸው። ስለዚህ ንጹሕ የሆነ ሐረግ በሽታው የውርስ አይደለም ለማለት ብቻውን አይበቃም።

የጠቆሩት ምልክቶች በአንድ ረድፍ ላይ፣ በወንድማማቾችና በእኅትማማቾች መካከል ብቻ ተሰብስበው ወላጆቹ ጤነኞች ከሆኑ ደግሞ ሁለቱም ቅጂዎች ሲበላሹ ብቻ የሚታይ በሽታ ይሆናል። ወላጆቹ እያንዳንዳቸው አንድ ደኅና፣ አንድ የተበላሸ ቅጂ አላቸው፤ ራሳቸው ስለማይታመሙ ተሸካሚ ይባላሉ። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ፣ እንደ ወላጆቹ ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ 50 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ የመሆን ዕድሉ 25 በመቶ ነው። በዚህ መንገድ ከሚመጡት መካከል ቆዳ፣ ጸጉርና ዓይን ቀለም የሚያጡበት አልቢኒዝም፣ ከልደት ጀምሮ የሚኖር ብዙው ዓይነት መስማት አለመቻል፣ ታላሴሚያና ሲክል ሴል የተባሉት የደም በሽታዎች ይገኛሉ። የታመመው ልጅ ጤነኛ ወንድም ወይም እኅት ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከሦስት ሁለት እጅ ነው፤ መታመሙ ከስሌቱ ስለ ወጣ የቀሩት ሦስቱ አማራጮች ብቻ ናቸውና። የጤነኛው ታናሽ ወንድም ጋብቻ ሲመጣ «እኔ ምን አለብኝ?» ብሎ ማለፍ የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው።

የሰባት ቤት ቆጠራ የሚረዳው በትክክል እዚህ ላይ ነው። የሁለት ወንድማማቾች ልጆች ከዘረመላቸው አንድ ስምንተኛውን፣ የእነርሱም ልጆች እርስ በርሳቸው አንድ ሠላሳ ሁለተኛውን በጋራ ይይዛሉ፤ ሰባት ቤት ሲደርስ የጋራው ድርሻ ከቁጥር የማይገባ ይሆናል። ጤናማ ባልና ሚስት ሁሉ ከባድ የተፈጥሮ ጉድለት ያለው ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ያህል ሲሆን በአጎት ልጆች መካከል ይህ በግምት እጥፍ ይሆናል። እጥፍ ማለት ግን አብዛኛው ልጃቸው ይታመማል ማለት አይደለም፤ ከመቶው ዘጠና አራት ያህሉ ያለዚህ ጉድለት ይወለዳሉ። እንደ አፋሩ አብሱማ የአጎትና የአክስት ልጆችን ጋብቻ ልማዳቸው ያደረጉ ወገኖች የሚያስፈልጋቸው ነቀፌታ ሳይሆን ሐረጋቸውን ዓይቶ የሚመክራቸው ባለሙያ ነው። በሌላ በኩል ሰባት ቤት የቆጠረ ሁሉ ከውርስ በሽታ ነፃ ሆነ ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ቆጠራው ከላይ የተባለውን የኩላሊት በሽታም ሆነ በኤክስ የሚመጣውን አያስቀርም፤ ተሸካሚው በበዛበት ሕዝብ ውስጥም ፈጽሞ የማይዛመዱ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ዘረመል ይዘው ሊገናኙ ይችላሉ።

ሲክል ሴል ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ነው። ተሸካሚነቱ ከከባድ ወባ ስለሚከላከል ዘረመሉ የበዛው ወባ በጸናባቸው ምድሮች ነው፤ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ፣ በሱዳን፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊና ደቡብ ምዕራባዊ ክፍል። በደገኛው ኢትዮጵያዊ ዘንድ እምብዛም ባለመታየቱ ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ ሳንሰማ አድገናል። ነገር ግን ከቆላው የመጣ፣ ወይም በስደት አገር ከናይጄሪያዊ፣ ከሱዳናዊ ወይም ከካሪቢያን ሰው ጋር ትዳር የሚመሠርት ሰው ይመለከተዋል። ሕመሙ በልጁ ላይ የሚታየው ከተወለደ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው፤ እጅና እግሩ አብጦ ያለቅሳል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ደም ያንሰዋል። በአሜሪካ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሁሉም ግዛቶች አዲስ የተወለደ ሕፃን ከተረከዙ ደም ተወስዶ ለሲክል ሴል ይመረመራል። «ልጃችሁ ተሸካሚ ነው» የሚል ደብዳቤ የደረሳቸው ወላጆች ልጁ አልታመመም ብለው ደብዳቤውን መጣል የለባቸውም፤ ከሁለቱ ወላጆች ቢያንስ አንዱ ተሸካሚ ነው ማለት ነውና ሁለቱም ይመርመሩ። ሳዑዲ ዓረቢያም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጋቢዎች ከኒካው በፊት ለሲክል ሴልና ለታላሴሚያ እንዲመረመሩ ታስገድዳለች፤ ውጤቱ ከተነገራቸው በኋላ ውሳኔው የራሳቸው ነው።

አሁን ከላይ ወዳለው ውይይት እንመለስ። በዚያ ሐረግ ላይ የታመሙት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ የአያቲቱ ወንድምና የአያቲቱ ልጅ። በመካከላቸው ያለችው አያት ጤነኛ ናት። ሕመሙ በጤነኛ ሴት በኩል አልፎ ወንዶችን ሲይዝ፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅም ሳይተላለፍ ሲቀር በኤክስ ክሮሞዞም የሚመጣ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ደም አለመርጋት፣ ማለትም ሄሞፊሊያ፣ እንዲህ ነው። ወንድሟም ልጇም የታመሙባት ሴት ተሸካሚ መሆኗ በስሌት የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ ለሴት ልጇ የማውረስ ዕድሏ 50 በመቶ፣ ያቺ ልጅ ወንድ ብትወልድ ደግሞ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ይሆናል። ታማሚው ወንድ ራሱ ቢወልድ ሴቶች ልጆቹ ሁሉ ተሸካሚ ይሆናሉ፤ ወንዶች ልጆቹ ግን ከእርሱ የሚወስዱት ዋይ ብቻ ስለሆነ ነፃ ናቸው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ቤተሰብ በዓለም የታወቀው ምሳሌ ነው። ልጇ ሊዮፖልድ በዚህ በሽታ በ1884 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ሴት ልጇ አሊስ ሳትታመም ለሴት ልጇ ለአሌክሳንድራ፣ አሌክሳንድራም ለልጇ ለሩሲያው አልጋ ወራሽ ለአሌክሴይ አወረሰችው።

እንዲህ ያለ ሐረግ ባለበት ቤት የተወለደ ወንድ ልጅ የደም መርጋት ምርመራ ሳይደረግለት በስምንተኛው ቀን አይገረዝ፤ እንጥሉ አይቆረጥ፤ በጡንቻ የሚሰጥ መርፌና አስፕሪንም ሐኪም ሳይፈቅድ አይሰጠው። ተሸካሚ ሴቶችም አንዳንዶቹ በወር አበባና በወሊድ ጊዜ ከመጠን በላይ ስለሚደሙ ከመውለዳቸው በፊት ለአዋላጁ ይንገሩ። በዚሁ መንገድ ከሚመጡት ሁለት ሌሎች ይጠቀሱ። አንደኛው ዱሸን የተባለው የጡንቻ መድከም ነው፤ ሦስት ወይም አራት ዓመት የሆነው ወንድ ልጅ ከመሬት ሲነሣ እጆቹን በገዛ ጉልበቱና ጭኑ ላይ እየተከለ ይወጣል፣ ባቱ ወፍሮ ይታያል፣ ደረጃ ይከብደዋል። ሁለተኛው ጂ6ፒዲ የተባለው የቀይ ደም ሕዋስ ጉድለት ሲሆን ባቄላ በልቶ ወይም ፕሪማኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት ወስዶ ሽንቱ የጠቆረ ዘመድ ካለ ለሐኪም ይነገር።

ከእናት ወደ ልጆች ሁሉ የሚሄድ፣ በአባት በኩል ግን ፈጽሞ የማይተላለፍ አራተኛ መንገድም አለ፤ ለሕዋሱ ጉልበት በሚያመነጨው፣ ሚቶኮንድሪያ በተባለው ክፍል የሚመጣው ነው። ጥቂት ሰው ስለሚይዝ እዚህ መጥቀሱ ይበቃል።

በቤተሰብ የሚደጋገም ሁሉ ዕጣ ፈንታ አይደለም

ዝሆኔን የሚያህል በስሕተት ሰው ያስናቀ በሽታ በአገራችን ጥቂት ነው። በወላይታ፣ በጎጃምና በሌሎችም ደጋማ ቦታዎች እግራቸው ያበጠባቸው ሰዎች «ዘሩ ነው» ተብለው ሲገለሉ፣ ልጆቻቸው ጋብቻ ሲከለከሉ ኖረዋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት ይህ ዓይነቱ እብጠት በትንኝ ከሚመጣው የተለየና በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት ከመሄድ የሚነሣ መሆኑን አሳየ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች ዘረመል ላይ ሰውነታቸውን ለዚያ አፈር ይበልጥ ተጋላጭ የሚያደርግ ልዩነት እንዳለ አረጋገጠ። በቤተሰብ መደጋገሙ እውነት ነው፤ የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። ያንኑ ዘረመል የያዘ ልጅ ከሕፃንነቱ ጫማ አድርጎ፣ እግሩን በሳሙና እየታጠበ ካደገ አይታመምም። ሐረግዎ ላይ ዝሆኔ ካገኙ የሚያስፈልገው ለልጆቹ ጫማ ነው፤ ጋብቻ መከልከል ምንም አይከላከልም።

የጀርባ አጥንት ክፍተትና መሰል የሕፃናት ነርቭ ጉድለቶችም እንዲሁ የዘረመልና የኑሮ ድብልቅ ናቸው። የልጁ የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ጽንሱ በተፈጠረ በ28 ቀን ውስጥ፣ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ በመሆኑ ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም ቢያንስ ከአንድ ወር አስቀድሞ ይጀመራል። ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ግን አሥር እጥፍ፣ ማለትም 4 ሚሊግራም ያህል ስለሚያስፈልጋት ሐኪም ይዘዝላት። ዳውን ሲንድሮም ደግሞ በአብዛኛው ከወላጅ የሚወረስ አይደለም፤ አንድ ተጨማሪ 21ኛ ክሮሞዞም በአጋጣሚ በመገኘቱ የሚሆን ነው። በጥቂቱ ብቻ ከወላጅ የመጣ የክሮሞዞም ዝውውር፣ ማለትም የአንዱ ክሮሞዞም ክፍል ከሌላው ጋር መያያዝ፣ ስለሚገኝ ቤተሰቡ የክሮሞዞም ምርመራ ቢያገኝ ይመረጣል።

ወደ ሐኪም መሄድ

የዘረመል ምርመራ ውድ ነው፣ ናሙናውም ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ይላካል ተብሎ ሰው አስቀድሞ ተስፋ ይቆርጣል። ብዙዎቹን ለመለየት ግን ተራ ምርመራ መነሻ ይሆናል። ለሲክል ሴልና ለታላሴሚያ ሙሉ የደም ቆጠራና ሄሞግሎቢን ኤሌክትሮፎሬሲስ (የሄሞግሎቢንን ዓይነት የሚለይ የደም ምርመራ)፣ ለሄሞፊሊያ የደም መርጋት ጊዜ፣ ለኩላሊቱ በሽታ አልትራሳውንድ ይበቃል። የታማሚ ልጅ በ40 ዓመቱ ኩላሊቱ በአልትራሳውንድ ንጹሕ ከሆነ በሽታው አልደረሰውም ለማለት ይቻላል፤ በ20 ዓመቱ የታየ ንጹሕ ኩላሊት ግን ያን ያህል አያረጋግጥም። የዘረመል ምርመራው ራሱ የሚያስፈልግ ከሆነ ቀድሞ የሚመረመረው የታመመው ሰው ነው። በእርሱ ላይ የተበላሸው ቦታ ከታወቀ ሌሎቹን መመርመር ቀላልና ርካሽ ይሆናል፤ ከጤነኛው ከተጀመረ ግን «አልተገኘም» የሚለው ውጤት ምንም ላይናገር ይችላል።

በጉልምስና ብቻ ለሚጀምር፣ ሕክምናም ለሌለው በሽታ ሕፃን ልጅ አይመረመር፤ ያንን ማወቅ አለማወቅ አድጎ የሚወስነው የራሱ መብት ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በዘረመል ውጤት ምክንያት አሠሪና የጤና ኢንሹራንስ እንዳያገሏቸው ቢከላከልላቸውም የሕይወት ኢንሹራንስን እንደማይሸፍን ከምርመራው በፊት ይወቁ።

ውጤቱ ሲመጣ ቤት ውስጥ በብዛት የምትከሰሰው እናት ናት። ሁለቱም ቅጂ በሚያስፈልገው በሽታ አባትም እኩል አውርሷል፤ በኤክስ በሚመጣውም ቢሆን ሚስት ከእናቷ ወይም ከአባቷ የተቀበለችውን ሳታውቅ ነው ያስተላለፈችው። ባልና ሚስት ውጤቱን አብረው እንዲሰሙ፣ አማቶችም ካስፈለገ ሐኪሙ ራሱ እንዲያስረዳቸው ያድርጉ። በዚህ ምክንያት የፈረሰ ትዳር ልጁን አያድነውም፤ ሕክምናውን ብቻ ያከብድበታል።

ለእጮኛ የሚነገረው ከሽምግልናው በፊት፣ በሁለቱ መካከል ነው። ተሸካሚ መሆን ጋብቻ አይከለክልም፤ እጮኛው ለዚያው በሽታ ከተመረመረና ተሸካሚ ካልሆነ ልጆቻቸው በዚያ በሽታ የሚታመሙበት መንገድ በእጅጉ ይጠባል።

ወረቀቱ ግርጌ የተጻፈበት ቀን፣ የጻፈው ሰውና የነገሩት ሰዎች ስም ይስፈር። በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጠፍ፤ በውስጡ ፈቃድ ያልሰጡ ሰዎች ሕመም አለና። አንዱ ቅጂ ካርድ በሚያወጡበት ጤና ተቋም፣ ሌላው ከቤተሰቡ ምስጢር ጠባቂ በሆነ ሰው ዘንድ ይቀመጥ፤ ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲሞት ወይም ለአንዱ ዘመድ አዲስ የምርመራ ውጤት ሲመጣ ሁለቱም ላይ ይጨመር።